ከኦፕራሲዮኑ በፊት የታዘዘልኝ ክኒን ለምንድን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «ለተከበሩ የዓምዱ ሐኪም፤ የ33 ዓመት ሴት ስሆን ነዋሪነቴ ዘጌ ነው። ሁለቱንም ልጆቼን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ሲሆን ትንሹ ልጄ አሁን ሦስት ዓመት ሆኖታል። እሱን ከወለድኩ ወዲህ የወር አበባዬ እንደ ድሮው በአምስት ቀን ቢቆምም፣ ከቆመ በኋላ የቡና አተላ የመሰለ ጠቆር ያለ ደም ለስምንትና ለዘጠኝ ቀን ጠብ ጠብ ይላል። የወሩን ግማሽ የማስቀድሰው ከደጅ ቆሜ ነው። ባሕር ዳር ሄጄ በአልትራሳውንድ ስታይ የቀድሞው ኦፕራሲዮን ጠባሳ ላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ እንዳለ፣ እዚያ ላይ የቀረው የማህፀን ግድግዳም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እንደሆነ ተነገረኝ። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልገኝ ቢነግረኝም ቀን አልቆረጠልኝም፤ የሦስት ወር የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልና የደም ማነስ ክኒን አዞ ወደ ቤቴ መለሰኝ። የደሜ መጠን 9.8 ነው ተብያለሁ። አማቴ ግን ‹ይህ እንክብል ማህፀን ያደርቃል፤ ሦስተኛ ልጅ ከፈለግሽ አትንኪው› ይሉኛል፤ እኔም ሦስተኛ ልጅ እፈልጋለሁ። ለቁርጠቱ ዲክሎፌናክ እወስዳለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር እበላለሁ። እንክብሉ ጠባሳውን ይደፍነዋል? ካልደፈነውስ ለምን ተሰጠኝ? ኦፕራሲዮኑ ሲቃረብ የትኛውን ልቀጥል፣ የትኛውን ላቁም?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ እንክብሉ ጎድጓዳውን አይደፍነውም። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎ፣ ብዙ እናቶች እንክብሉን ሲውጡ ደሙ ስለሚቀንስላቸው «ድኛለሁ» ብለው ከቀጠሯቸው ስለሚቀሩ ነው። ሐኪምዎ ያዘዘልዎ ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱን ለመረዳት ደሙ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል።

በኦፕራሲዮን ሲወለድ የማህፀን ግድግዳ ከታች በኩል፣ ወደ ማህፀን አንገት በተጠጋው ቦታ ይቀደድና መልሶ ይሰፋል። ቁስሉ ሲሽር በአንዳንድ ሴቶች ላይ ከውስጥ በኩል ጡንቻው ሙሉ በሙሉ ሳይገጣጠም ስለሚቀር ጎድጓዳ ይተዋል፤ በአልትራሳውንድ ሲለካ ጥልቀቱ 2 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሞች ኒሽ ወይም ኢስትሞሴል ይሉታል። በኦፕራሲዮን በወለዱ ሴቶች ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አብዛኞቹም አንዳች ሕመም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። ምልክት በሚያሳይባቸው ሴቶች ላይ የሚሆነው ግን እርስዎ የገለጹት ነው። በክረምት የመንገድ ጎድጓዳ ውሃ ይዞ ዝናቡ ካባራ በኋላ ሲያዘግም እንደሚያፈስ ሁሉ፣ ይህም የወር አበባውን ደም ያቁርና የወር አበባው ካለፈ በኋላ ቀስ በቀስ ይለቀዋል፤ ደሙ የሚጠቁረውና የቡና አተላ የሚመስለው ሲቆይ ስለሚበላሽ ነው። የተጠራቀመው ደም ወደ ማህፀን ተመልሶ ሊገባና ጽንስ እንዳይይዝ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ልጅ ስንፈልግ እምቢ አለን ብለው ከሚመጡት መካከል መነሻው ይህ ሆኖ የሚገኝባቸው አሉ።

እንክብሉ በውስጡ ሁለት ሆርሞኖችን ማለትም ኤስትሮጅንንና ፕሮጄስቲንን (ፕሮጄስትሮንን የሚመስለውን) የያዘ ከሆነ፣ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል፤ በየወሩ የሚታደሰውንና የሚፈሰውን የማህፀን ውስጠኛ ሽፋንም ያሳሳዋል። ሽፋኑ ሲሳሳ የሚፈሰው ደም ያንሳል፤ የሚፈሰው ካነሰ ጎድጓዳው የሚያቁረው ያጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ «ያሳሳል» ስል የተናገርኩት ስለ ውስጠኛው ሽፋን እንጂ ስለ ጡንቻው አይደለም። እርስዎ 2 ሚሊ ሜትር ነው የተባሉት የጡንቻው ውፍረት ሲሆን፣ እንክብሉ እሱን አያሳሳውም፣ አያወፍረውምም። በካርድዎ ላይ ሁለቱም ልኬቶች ተጽፈው ስለሚገኙ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

የአማትዎን ስጋት አልነቅፍም፤ እርስዎን አስበው ነው የተናገሩት። ነገር ግን እንክብሉ ማህፀን አያደርቅም። ሲቆም ሽፋኑ ይታደሳል፤ የመፀነስ አቅምም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ይመለሳል። ለአማትዎ ሲያስረዱ «ደሙን ለጊዜው ያሳርፈዋል እንጂ አያደርቀውም» ቢሏቸው እውነቱን ነገሯቸው ማለት ነው።

እንግዲህ ለምን ሦስት ወር? ጠያቂዋ ልጅ የማትፈልግ ሴት ብትሆን ኖሮ መልሱ አጭር ነበር፤ እንክብሉ ወይም ሆርሞን የሚያመነጨው ሉፕ ደሙን ካቆመላት ኦፕራሲዮኑ ሊቀርላት ይችላል፤ ያኔ ሦስት ወሩ መድኃኒቱ የሚፈተንበት ጊዜ ነው። እርስዎ ግን ልጅ ይፈልጋሉ፤ ግድግዳዎም 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ግድግዳው እንዲህ የሳሳ ሲሆን፣ በማህፀን አንገት በኩል በካሜራ ገብቶ ጎድጓዳውን የሚያስተካክለው ቀለል ያለው ኦፕራሲዮን ማህፀንንም ሆነ ፊኛን ሊበሳ ስለሚችል አይመረጥም፤ ልጅ ለምትፈልግ ሴት የሚታሰበው በሆድ ወይም በብልት በኩል ገብቶ የሳሳውን ቦታ ቆርጦ አውጥቶ እንደገና መስፋት ነው። ይህ ከበድ ያለ ሥራ በመሆኑ 9.8 በሆነ ደም ሊገቡበት አይገባም። በእርስዎ ዘንድ እንክብሉ ሁለት ነገር እየሠራ ነው፤ በየወሩ የሚፈሰውን ደም ቀንሶ የደም ማነስ ክኒኑ የተካውን ደም እንዳያባክኑት ይጠብቅልዎታል፤ እንዲሁም ኦፕራሲዮኑ ሳይሠራ በሳሳው ጠባሳ ላይ እንዳይፀንሱ ይከላከላል። ሁለተኛው ጉዳይ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ ቀጥሎ ካለው የሌላ አንባቢ ጥያቄ ይረዱታል።

ይህ እንክብል ለማንኛዋም ሴት አይሰጥም። የደም ግፊት ካለብዎት፣ እግርዎ ወይም ሳንባዎ ውስጥ ደም ረግቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይም ዓይን ላይ ብልጭታ እያሳየ የሚጀምር የራስ ምታት ካለብዎት መጀመሪያውኑ ለሐኪምዎ መናገር ነበረብዎት፤ ካልተናገሩ አሁንም አልዘገየም። ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ አለ። ኤስትሮጅን ደም የመርጋት ዝንባሌን ስለሚጨምር፣ ከበድ ያለና ከአልጋ የሚያውል ኦፕራሲዮን ሲታሰብ እንክብሉ ከ4 ሳምንት በፊት እንዲቆም ይመከራል። ስለዚህ የኦፕራሲዮኑ ቀን ሲቆረጥልዎ «እንክብሉን መቼ ላቁም? ካቆምኩ በኋላስ በምን ልከላከል?» ብለው መጠየቅ ይኖርብዎታል። በራስዎ አያቁሙት፤ በዝምታም አይቀጥሉት። በዚያ ባዶ ወር ኮንዶም ወይም ኤስትሮጅን የሌለበት መከላከያ ሊሰጥዎ ይችላል። እንክብሉን ያዘዘው ሐኪምና ኦፕራሲዮኑን የሚሠራው ሐኪም አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ ባዶውን የእንክብል ካርቶን ይዞ መሄድ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል።

ወደ ደም ማነሱ ልምጣ፤ የዘጌ ሰው መሆንዎ ጉዳዩን እንዳሳጥረው አልፈቀደልኝም። ላልፀነሰች ሴት የሄሞግሎቢን፣ ማለትም የደም መጠን፣ ዝቅተኛ ልክ 12 ሲሆን፣ ይህም በባሕር ወለል ከፍታ ለሚኖር ሰው የወጣ ልክ ነው። የጣና ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሚገኝ በእንዲህ ዓይነት ከፍታ የሚኖር ሰው ደሙ ከዚያ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት፤ ስለዚህ የእርስዎ 9.8 ቁጥሩ ከሚመስለው በላይ ጎድሏል። የታዘዘልዎ ክኒን የተለመደው 325 ሚሊ ግራም ፌረስ ሰልፌት ከሆነ፣ በውስጡ የሚገኘው አይረን 65 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ይህ ሁሉ አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኞቹ ደግሞ ቡናና ሻይ ናቸው። ቡና ከጓሮ ተለቅሞ ከአቦል እስከ በረካ በሚጠጣበት አገር፣ ክኒኑን ከቁርስ በኋላ ስኒው ሳይነሣ መዋጥ ክኒኑን ወደ ሽንት ቤት እንደ መጣል ይቆጠራል። ቡናዎን አልከለክልዎትም፤ ክኒኑን ግን ከእንቅልፍዎ እንደተነሡ በባዶ ሆድ፣ ሎሚ በተጨመቀበት ውሃ ይዋጡና ለቡናው ሁለት ሰዓት ይስጡት። በጾም ወቅት ጠዋት መዋጥ የሚከብድዎት ከሆነ ማታ ሊተኙ ሲሉ ይውሰዱት። ሆድዎን ካስጨነቀዎት ወይም ካደረቀዎት ከመተው ይልቅ በየሁለት ቀኑ አንድ ማድረግ ይቻላል፤ እንዲያውም ሰውነት በየሁለት ቀኑ የተወሰደን አይረን በተሻለ ሁኔታ እንደሚቀበል በጥናት ታይቷል። ሰገራዎ ቢጠቁር አይደንግጡ። በአግባቡ ከተወሰደ ደምዎ በአንድ ወር ውስጥ ከ1 እስከ 2 ግራም ያህል መጨመር ስላለበት፣ ሦስት ወሩ እስኪሞላ ሳይጠብቁ በወሩ መጨረሻ ተመርምረው ይዩት። ካልጨመረ በደም ሥር የሚሰጥ አይረን አለ፤ ይህንንም ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ዲክሎፌናክ ደም የሚያረጉትን ሕዋሳት ሥራ ስለሚያዳክም፣ ጨጓራንም ስለሚያደማ፣ ደም ላነሰው ሰው የዘወትር መድኃኒት ሊሆን አይገባም። ቁርጠቱ በፓራሲታሞል የሚታገሥ ከሆነ እሱን ይምረጡ፤ ዲክሎፌናኩን ኦፕራሲዮኑ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ፈጽሞ ይተዉት። አስፕሪን የሚወስዱ አንባቢያን ግን ይለያሉ፤ የአስፕሪን ሥራ ከሳምንት በላይ ስለሚቆይ፣ ለልብ ተብሎ የታዘዘላቸውም ስለሚኖሩ፣ ማቆም አለማቆሙን የሚወስነው ሐኪም ነው። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን በወጥ ውስጥ ይብሉ፤ እንደ መድኃኒት በብዛት በማር መብላቱን ግን ሁለቱም ደም ሊያቀጥኑ ስለሚችሉ ከሳምንት በፊት ቢያቆሙ ጥሩ ነው። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብሎ ሲጠይቅዎ የቤት መድኃኒቱንም ይጨምሩለት፤ ሰው «መድኃኒት» ሲባል ከፋርማሲ የተገዛውን ብቻ እየቆጠረ ሌላውን ሲደብቅ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ኦፕራሲዮኑ ሲቃረብ «ቁስሉ እንዳያመረቅዝ» ብለው አሞክሳሲሊን ገዝተው መዋጥ የሚጀምሩ አሉ። ይህ ጥቅም የለውም፤ መድኃኒቱን የለመደ ጀርም ይዞ መምጣት ነው። ኢንፌክሽን የሚከላከለው አንቲባዮቲክ የሚሰጠው በደም ሥር፣ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሲሆን፣ ተመራጩ 2 ግራም ሴፋዞሊን ነው። ከእርስዎ የሚጠበቀው በፔኒሲሊን ሽፍታ ወይም የመተንፈስ ችግር ደርሶብዎት ከነበረ አስቀድሞ መናገር ብቻ ነው። በካሜራ ለሚሠራላቸው፣ ግድግዳቸው ወፈር ላለ እናቶች ደግሞ የማህፀን አንገትን ለማለስለስ ሚሶፕሮስቶል አስቀድሞ ሊሰጥ ይችላል፤ ቁርጠት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ጥቂት ደም ሊያመጣ ስለሚችል የተሰጣቸው አይስጉ።

በመጨረሻም ጉዞዎ። ከዘጌ በጠዋቷ ጀልባ ለመድረስ ካሰቡ ሌሊት ተነሥተው አንድ ነገር ቀምሰው መውጣትዎ አይቀርምና ከዋዜማው ባሕር ዳር ገብተው ቢያድሩ እመርጣለሁ። ጠጣር ምግብ ከማደንዘዣው ቢያንስ 6 ሰዓት በፊት፣ ቅባት የበዛበት ከሆነ 8 ሰዓት በፊት መቆም አለበት። በሶና አጥሚት ቢጠጡም ከምግብ ይቆጠራሉ፤ ወተትም እንደዚያው። ንጹሕ ውሃና ወተት የሌለበት ቡና ወይም ሻይ ግን ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ ማደንዘዣው 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳሉ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እናቶች የትኛው በዚያ ጠዋት እንደሚዋጥና የትኛው እንደሚታለፍ በስም አስጽፈው ይያዙ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለምና። የአይረን ክኒኑ የዚያን ቀን ቢቀር የሚጎዳዎ ነገር የለም። ከጥገናው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ስድስት ወር ሳይፀነስ ይጠበቃል፤ ቀጣዩ ልጅም የሚወለደው በኦፕራሲዮን ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ባለቤቴ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ በኦፕራሲዮን ወልዳለች። አሁን የሰባት ሳምንት እርጉዝ ስትሆን፣ ባሕር ዳር በአልትራሳውንድ ስትታይ ጽንሱ የያዘው በቀድሞው ጠባሳ ላይ ስለሆነ ሊቀጥል እንደማይገባ ተነገረን። ሜቶትሬክሴት የሚባል መርፌ ተሰጥቷት ከዚያ በኋላ በኦፕራሲዮን እንደሚወጣ ገለጹልን። ስጠይቅ መድኃኒቱ የካንሰር ነው አሉኝ። ባለቤቴ ካንሰር አለባት ማለት ነው? መርፌው ካለ ኦፕራሲዮኑ ለምን አስፈለገ?» — ከሽምብጥ

ምላሽ፦ ወንድሜ፤ ባለቤትዎ ካንሰር አለባት ማለት አይደለም። ሜቶትሬክሴት በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳት ለመባዛት የሚያስፈልጋቸውን የፎሊክ አሲድ ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ነው። የካንሰር ሕዋስም፣ ገና ሥር የሚሰድ የእንግዴ ልጅም በፍጥነት ስለሚባዙ ለሁለቱም ያገለግላል፤ ለዚህ ጉዳይ የሚሰጠው መጠን ግን በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 50 ሚሊ ግራም ያህል ሲሆን ለብዙ ካንሰሮች ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ነው። ቁመቷንና ክብደቷን የለኩት ለዚሁ ስሌት ነው።

በጠባሳ ላይ የሚይዝ እርግዝና በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ቢሆንም፣ ሲቀጥል ማህፀን ሊተረትርና እናቲቱን በደም መፍሰስ ሊያሳጣ ስለሚችል በቶሎ መቋጨቱ ተገቢ ነው። የምትጠብቁትን ልጅ ማጣት ለሁለታችሁም ሐዘን እንደሆነ እረዳለሁ፤ ጥፋቱ ግን የእርስዎም የእርሷም አይደለም። ኦፕራሲዮኑ ያስፈለገበት ምክንያት በክንድ ወይም በመቀመጫ የሚወጋው መርፌ ብቻውን በዚህ ዓይነቱ እርግዝና ላይ ብዙ ጊዜ ስለማይበቃ ነው። የአሜሪካ የእናቶችና የጽንስ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ በመርፌው ብቻ ማከምን አይመክርም፤ በኦፕራሲዮን ማውጣትን ወይም በአልትራሳውንድ እየታዩ መምጠጥን ያስቀድማል። ሐኪሞች መርፌውን ቀድመው የሚሰጡት የእንግዴ ልጁን ሥር አዳክመው ኋላ የሚፈሰውን ደም ለመቀነስ ነው። አንዳንዴ መርፌው በአልትራሳውንድ እየታዩ በቀጥታ ጽንሱ ያለበት ከረጢት ውስጥ ይሰጣል። ያለ አልትራሳውንድ በጭፍን መጥረግ ግን አደገኛ ነው፤ እንዲህ ይደረግ የሚል ካለ ሪፈር አስጽፈው ወደ ትልቅ ሆስፒታል፣ በከተማችን በባሕር ዳር ለምሳሌ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ይሂዱ።

መርፌው ከመሰጠቱ በፊት የደም ሕዋሳት፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ይደረጋል፤ ጡት የምታጠባ ከሆነም መናገር አለባት። ለእርግዝናው ተብሎ የተሰጣትን የፎሊክ አሲድ ክኒን ወዲያው ታቁም፤ አይረንና ፎሊክ አሲድ በአንድ ክኒን ተቀላቅለው ስለሚሰጡ ብዙ ሰው ሳያውቀው መድኃኒቱን በመድኃኒት ያከሽፈዋል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መድኃኒቱ ከሰውነት እንዳይወጣ ስለሚያደርጉ፣ ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ደግሞ ጉበትን ስለሚጎዱ ይቅሩ። አፍ መቁሰል፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሊያጋጥማት ይችላል። በደም የሚለካው የእርግዝና ሆርሞን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ቢል መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ በጠባሳ ላይ በሆነ እርግዝና ዜሮ እስኪገባ ድረስም ሳምንታት ይወስዳል።

ኦፕራሲዮኑን እየጠበቃችሁ ሳለ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴስ የሚያርስ ደም ከፈሰሳት፣ ሆዷን በድንገት ክፉኛ ካመማት ወይም ራሷን ካዞራት ሌሊትም ቢሆን ይነሡ፤ የሚወስዳችሁን መኪናና ደም የሚሰጣት ዘመድ ከዛሬ ጀምሮ አዘጋጅተው ይጠብቁ። የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ ከሆነ አንቲ ዲ የሚባለውን መርፌ ማግኘት ስላለባት ካርዷ ላይ አይተው ያስታውሷቸው። ከሜቶትሬክሴቱ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር እንዳትፀንስ ያስፈልጋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የወር አበባዋ በቀረ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ አልትራሳውንድ ተነሥታ ጽንሱ የት እንደያዘ ትታይ።